በፖሊስ ጣቢያ የሚሰጥ ቃል፦ ያለመናገር መብት፣ የጠበቃ መገኘትና የእምነት ቃል ዋጋ በኢትዮጵያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ

አጭር መግለጫ

ይህ ጽሑፍ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ፊት በሚቆይባቸው የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት የሚነሡ ዋና ዋና የሕግ ጥያቄዎችን ይመረምራል። የምርመራው መሠረት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ (ከዚህ በኋላ «የሥነ ሥርዓቱ ሕግ») እና የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ ሕጉ ያለመናገር መብትን በግልጽ ያውጃል፤ ሆኖም መብቱን በተግባር የሚያጸኑትን ሦስት ጉዳዮች፣ ማለትም ጠበቃ በምርመራ ጊዜ መገኘቱን፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የተገኘ ቃል የሚያስከትለውን ውጤትና ፈቃደኝነትን የማስረዳት ሸክም የማን እንደሆነ ለትርጓሜ ትቷቸዋል። ጽሑፉ እነዚህን ክፍተቶች አሁን ባሉት ድንጋጌዎችና ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች መሠረት መሙላት እንደሚቻል ያሳያል።

1. መግቢያ

በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ወይም ቤተሰቡ ለሕግ ባለሙያ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ፖሊስ ሲጠራኝ መሄድ አለብኝን? ስጠየቅ መመለስ ግዴታዬ ነውን? ጠበቃዬ እስኪመጣ ዝም ማለት እችላለሁን? ለስንት ጊዜ ሊያቆዩኝ ይችላሉ? ፈርሜ የሰጠሁትን ቃል በኋላ ፍርድ ቤት ብክደው ዋጋ አለውን? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ መልሶቻቸው ግን በሕገ መንግሥቱ፣ በሥነ ሥርዓቱ ሕግና በወንጀል ሕጉ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ የላቸውም።

ጉዳዩ ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ክብደት አለው። በችሎት የሚሰማው ክርክር ከወራት በኋላ ቢጀመርም፣ የክርክሩ መሠረት ብዙ ጊዜ የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የተጻፈ አንድ ገጽ ቃል በኋላ የሚቀርቡትን ምስክሮች ሁሉ አቅጣጫ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ተጠርጣሪው ቃሉን የሰጠው መብቱን አውቆና ወድዶ መሆን አለመሆኑ የፍርዱን ትክክለኛነት የሚነካ ጥያቄ ነው።

ለማብራሪያ እንዲረዳ አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከሚጠብቀው መጋዘን ዕቃ ጠፍቷል። ፖሊስ ስልክ ደውሎ «ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህና ና» ይለዋል። ሠራተኛው ይሄዳል፤ ይጠየቃል፤ ማታ ላይ ሳይለቀቅ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን «ዕቃውን ከሌላ ሰው ጋር ሆኜ አውጥቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ላይ ይፈርማል። በቀጣዮቹ ክፍሎች የሚነሡት ጥያቄዎች በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ በቅደም ተከተል ይገኛሉ።

2. ያለመናገር መብት በኢትዮጵያ ሕግ አመጣጥ

በቀደመው የአገራችን የፍትሕ ልማድ ወንጀልን ማውጣት የማኅበረሰቡ ሁሉ ግዴታ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ወንጀል በተፈጸመበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ተሰብስበው ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዲያወጣጡ ይደረግ ነበር። የሥርዓቱ መሠረት እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበት የሚል ነው። ዝምታ በዚህ አስተሳሰብ መብት ሳይሆን የመተባበር ጉድለት ነው። በሌላ በኩል ሕዝቡ «ዝም አይነቅዝም» እያለ የዝምታን ጥበብ ሲያወድስ ኖሯል። ሁለቱ አመለካከቶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን አሉ፤ በጣቢያው ውስጥ የሚያይለው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ ከዚህ ልማድ የተለየ መንገድ መረጠ። በቁጥር 27(2) መሠረት ተጠርጣሪው ለቀረበበት ክስ ወይም አቤቱታ መልስ እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን እንዲመልስ አይገደድም። ከዚህም በላይ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሙ በዓለም ዙሪያ በተሰማው የሚራንዳ ጉዳይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የእኛ ሕግ ይህን ግዴታ የደነገገው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ሆኖም የሚራንዳ ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ጨምሮ ይዟል፦ በምርመራ ጊዜ ጠበቃ የማግኘት መብትን እና ማስጠንቀቂያው ካልተሰጠ ቃሉ በዐቃቤ ሕግ ማስረጃነት ሊቀርብ እንደማይችል የሚገልጽ ውጤትን። በእኛ ሕግ የጎደሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያስተማሩት ስታንሊ ፊሸር የዚህን ሕግ ድንጋጌዎች ከምንጮቻቸው ጋር እያነጻጸሩ አጥንተዋል። ሕጉ ከአህጉራዊውና ከእንግሊዝ ሥርዓት የተውጣጣ መሆኑ ይታወቃል። ለያዝነው ርእስ ጠቃሚው ንጽጽር ከሕንድ ጋር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የሕንድ የማስረጃ ሕግ ለፖሊስ የተሰጠ የእምነት ቃል በተከሳሹ ላይ እንዳይቀርብ በጥቅሉ ይከለክል ነበር፤ እምነትን መመዝገብ የዳኛ ሥራ ነው። የእኛ ሕግ በዳኛ ፊት የሚመዘገበውን ቃል በቁጥር 35 ተቀብሏል፤ ለፖሊስ የተሰጠውን ቃል የሚከለክለውን ግን አልተቀበለም። በዚህ የተነሣ ሁለት የእምነት ቃል ዓይነቶች ጎን ለጎን ቆመዋል።

3. መመለስ ግዴታ ነውን?

መልሱ ሰውየው በምን ሁኔታ ፖሊስ ፊት እንደቀረበ ይለያያል። ሕጉ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ያውቃል።

የመጀመሪያው የተጠራ ተጠርጣሪ ነው። በቁጥር 25 መሠረት መርማሪው አንድ ሰው ወንጀል ፈጽሟል ብሎ ለማመን ምክንያት ሲኖረው ሰውየው እንዲቀርብ የሚጠራው በጽሑፍ ነው። መጥሪያ ደርሶት የማይቀርብ ሰው በቁጥር 26 መሠረት ሊያዝ ስለሚችል ጥሪን ቸል ማለት አይመከርም። በምሳሌአችን ያለው ሠራተኛ በስልክ መጠራቱ ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት አያሟላም። የጽሑፍ መጥሪያ ሰውየው በተጠርጣሪነት መጠራቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ በስልክ የተጠራ ሰው ግን በምን ደረጃ እንደቀረበ የሚያስረዳለት ወረቀት የለውም።

ሁለተኛው የተያዘ ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(2) ያለመናገር መብት የሰጠው ለተያዙ ሰዎች ነው። ቃል በቃል ከተነበበ ተጠርቶ በራሱ እግር የመጣውን ሰው አይጨምርም ሊባል ይችላል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 27 ግን የተጠራውንም የተያዘውንም በአንድነት ስለሚሸፍን ጥበቃው ሰፊ ነው። ሕገ መንግሥቱ ዝቅተኛውን መጠን እንጂ ከፍተኛውን ስለማይወስን በሕግ የተሰጠውን ሰፊ ጥበቃ የሚያጠብበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ምስክር ነው። በቁጥር 30 መሠረት ፖሊስ የሚጠይቀው ምስክር እውነቱን የመመለስ ግዴታ አለበት። ይሁንና መልሱ ራሱን በወንጀል ሊያስጠይቀው የሚችል ሲሆን ያንን ጥያቄ ላለመመለስ ይችላል። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ድንበር ነው። ሠራተኛው «ለምስክርነት» ተብሎ ተጠይቆ፣ የሰጠው መልስ ከጊዜ በኋላ በተከሳሽነቱ ሊቀርብበት ይችላል። ስለዚህ መርማሪው በጥያቄው መካከል ጥርጣሬው ወደ ተጠያቂው ሰው ካዘነበለ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምስክርነቱ አብቅቶ የቁጥር 27 ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይገባል። ይህን የማይቀበል ትርጓሜ ማስጠንቀቂያውን በመርማሪው የስም አሰጣጥ ላይ ጥገኛ ያደርገዋል።

4. ማስጠንቀቂያው መቼ፣ በምን ቋንቋ?

በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ማስጠንቀቂያው ከጥያቄው ጋር የተያያዘ ነው። ሕገ መንግሥቱ ወደ ፊት አምጥቶታል፤ ሰውየው እንደተያዘ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በመያዝና በመደበኛው ምርመራ መካከል፣ በመኪና ውስጥ ወይም በጣቢያው በረንዳ ላይ፣ ብዙ ነገር ይነገራል። ያለ ማስጠንቀቂያ የተነገረው ነገር ኋላ በማስጠንቀቂያ ሥር ተደግሞ ሲጻፍ፣ ወረቀቱ ሕጋዊ ቢመስልም ምስጢሩ አስቀድሞ ወጥቷል።

ቋንቋን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ «መረዳት በሚችሉት ቋንቋ» ይላል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግም በቁጥር 27(4) ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በሚገባ የማይረዳ ሰው ብቃት ያለው አስተርጓሚ እንዲቀርብለትና አስተርጓሚው የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ይህ ድንጋጌ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። አንድ ሰው በገበያ የሚግባባበት አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሕግ ቃላትን ለመረዳት ላይበቃው ይችላል። «ወስጃለሁ»፣ «ተቀብያለሁ» እና «ሰርቄያለሁ» የሚሉት ቃላት በተራ ንግግር ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ በወንጀል ሕግ ግን የተለያየ ኃላፊነት ያስከትላሉ። ቃሉን የሚጽፈው ተናጋሪው ሳይሆን መርማሪው በመሆኑ፣ የቃላቱ ምርጫ የማን እንደሆነ ሁልጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተለምዶ የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ይህን ጽሑፍ «የተከሳሽነት ቃል» ይለዋል። በዚያ ደረጃ ግን ክስ ገና አልተመሠረተም፤ ክስ መመሥረት የዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ነው። ስያሜው ተጠርጣሪው ከወዲሁ እንደተከሰሰ እንዲሰማው ከማድረጉም በላይ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንደምናየው፣ የተከሳሽ መብቶችን ሳያስከትል የተከሳሽን ስም ብቻ ይሰጠዋል።

5. ጠበቃ በምርመራ ጊዜ

ሕገ መንግሥቱ ሦስት ተከታታይ አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች፣ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፣ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለ ታሰሩ ሰዎች ይናገራሉ። በመረጡት ጠበቃ የመወከል መብት፣ አቅም ለሌላቸውም ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የተቀመጠው በአንቀጽ 20(5) ነው፤ ይህም ለተከሰሱ ሰዎች ነው። አንቀጽ 19 ስለ ጠበቃ አያነሣም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «በምርመራ ጊዜ ጠበቃ የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለም» የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል።

ክርክሩ በሦስት ምክንያቶች አያስኬድም። አንደኛ፣ አንቀጽ 21(2) በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ከጠበቃቸው ጋር የመገናኘትና በእርሱ የመጎብኘት መብት ይሰጣል፤ በፖሊስ ጣቢያ ያለ ሰው በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 61 የተያዘ ወይም በቀጠሮ የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን እንዲጠራና እንዲያነጋግር፣ ሲጠይቅም የጽሕፈት መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ምርመራው ካለቀ በኋላ ማለት ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ አንቀጽ 13(2) የመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሰነዶች ጋር ተጣጥሞ እንዲተረጎም ያዛል። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የፍትሐዊ ዳኝነት መርሖዎችና በ2014 በተቀበላቸው የሉዋንዳ መመሪያዎች ጠበቃ የማግኘት መብት ከመያዝ ጊዜ ጀምሮ እንደሚሠራ አስቀምጧል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁጥር 61 ጠበቃን መጥራትንና ማነጋገርን ይፈቅዳል፤ ጠበቃው በጥያቄው ጊዜ ከጎን ይቀመጥ አይቀመጥ በግልጽ አይናገርም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሳልዱዝና በቱርክ መካከል በነበረው ጉዳይ በመርህ ደረጃ ከመጀመሪያው የፖሊስ ምርመራ ጀምሮ ጠበቃ ሊኖር እንደሚገባ፣ ያለ ጠበቃ የተሰጠ ራስን የሚያስወነጅል ቃል ለጥፋተኝነት መሠረት ሲሆን የመከላከል መብት ሊጠገን በማይችል ሁኔታ እንደሚጎዳ ወስኗል። ውሳኔው ኢትዮጵያን አያስገድድም፤ ምክንያቱ ግን ለእኛም ሁኔታ ይሠራል። ተጠርጣሪው ጠበቃውን ለማነጋገር የተፈቀደለት ምን እንደሚመልስና መመለስ እንዳለበት ለመማከር ከሆነ፣ ምክሩ ከመልሱ በፊት መምጣት አለበት። ስለዚህ ቁጥር 61 ከቁጥር 27 ጋር ተጣምሮ ሲነበብ፣ ጠበቃ የጠየቀ ተጠርጣሪ ጠበቃውን እስኪያገኝ ድረስ ምርመራው ሊቆም ይገባል ማለት ነው።

በተግባር ትልቁ እንቅፋት አቅም ነው። የተከላካይ ጠበቆች አገልግሎት በአመዛኙ የሚደርሰው ክስ ቀርቦ ጉዳዩ ችሎት ከደረሰ በኋላ ነው። ጠበቃ የሌለው ድሃ ተጠርጣሪ ቁጥር 61 ለእርሱ የተጻፈ አይመስለውም። ዝም ማለትን የሚመክረው ሰው ሲያጣ ደግሞ ከመርማሪው ሌላ አማካሪ የለውም።

6. ጊዜ፦ 48 ሰዓት፣ ቀጠሮና ዋስትና

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ ደንብ አሮጌ ነው። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንኑ ጊዜ ወስኖ፣ ወደ ፍርድ ቤት በእግር ለመድረስ ከዚያ የማያንስ ጊዜ በሚፈጅ ቦታ ለሚያዙ ሰዎች ልዩ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 29 ከመንገዱ ጊዜ ሌላ የአካባቢው ሁኔታና የመገናኛ ችግር መዘግየትን ሊያስከትል እንደሚችል ይቀበላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 19(3) የማይቆጠር አድርጎ የለየው በአግባቡ ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው። ከሁለቱ የሚጸናው በአንቀጽ 9(1) መሠረት ሕገ መንግሥቱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ መሆኑ፣ መኪና አለመኖሩ ወይም መርማሪው ሌላ ሥራ ላይ መሆኑ በሕግ ተቀባይነት ያለው ምክንያት አይሆንም። ጊዜው የሚቆጠረውም ሰውየው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ እንጂ በመዝገብ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ አይደለም። በምሳሌአችን «እንዳትሄድ» የተባለው ሠራተኛ ስሙ በእስረኞች መዝገብ ባይገባም የተያዘ ሰው ነው።

ጊዜው ካለፈ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(4) ተያዡ ፍርድ ቤቱን አካሉን ነፃ እንዲያወጣለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የአቤቱታው ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ይገኛል፤ ታሳሪው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው በስሙ ሊያቀርብለት ይችላል። ቤተሰብ ይህን ማወቁ ብዙ ጊዜ ወሳኝ ነው።

ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። አንዱ ዋስትና ነው። በቁጥር 28 መሠረት ቀላል በሆኑ ጉዳዮች ወይም ጥርጣሬው ደካማ ሲሆን ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ዋስትና የሚጠየቀው ከፍርድ ቤት ነው። ቁጥር 63 በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጡና ተጎጂው ሊሞት በሚችልባቸው ጉዳዮች ዋስትናን ይገድባል፤ ቁጥር 67 ደግሞ ግዴታን አለማክበር፣ ሌላ ወንጀል መፈጸም፣ ምስክርን ማባበል ወይም ማስረጃን ማጥፋት የሚያሠጉ ከሆነ ዋስትና እንዲከለከል ይፈቅዳል። ሌላው መንገድ የምርመራ ጊዜ ቀጠሮ ነው። በቁጥር 59 መሠረት አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ሕጉ ጣራ አላስቀመጠም። የተሻረው የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 እያንዳንዱን ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን ማድረጉ በጽኑ ሲተች ቆይቷል፤ ይሁንና ድምሩ ከአራት ወር እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። መደበኛው ሕግ ይህ ገደብ እንኳ የለውም። ገደቡ ያለው በዳኛው እጅ ነው፤ አንቀጽ 19(4) የሚፈቅደው በጥብቅ አስፈላጊ የሆነውን ጊዜ ብቻ ነውና። «ቀሪ ምስክር አለን» የሚለው ተደጋጋሚ ምክንያት፣ ምስክሩ ማን እንደሆነና ባለፈው ቀጠሮ ለምን እንዳልተሰማ ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም።

ቀጠሮ ከእምነት ቃል ጋር የሚገናኘው በአንድ ቀላል ሐቅ ነው፤ ቀጠሮ የተሰጠበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወደ መርማሪው ጣቢያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 35 ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲታሰር የታዘዘ ሰው ወደ ፖሊስ ጥበቃ ሳይሆን በሌላ አካል ሥር ወዳለ ማቆያ እንዲሄድ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

7. የእምነት ቃል፦ ሦስት ደረጃዎች፣ ሦስት ዋጋዎች

በአማርኛ የሕግ አነጋገር «እምነት» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንዱ በቁጥር 27 ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል ነው። ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሩ በፊት በቁጥር 35 በፍርድ ቤት የሚመዘገበው ነው። ሦስተኛው ክስ ከተነበበ በኋላ ተከሳሹ በቁጥር 134 መሠረት የሚሰጠው የጥፋተኝነት እምነት ነው። የሦስቱ መደበላለቅ ብዙ ስሕተት ያመጣል። በፖሊስ ፊት ያመነ ሰው በችሎት «አልፈጸምኩም» ሲል ያመነውን እንደካደ ይቆጠራል፤ በሕግ ግን ለክሱ መልስ የሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ለፖሊስ የተሰጠውን ቃል የሚከለክል ድንጋጌ የለም፤ ቁጥር 27(2) ራሱ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ይናገራል። የሚከለከለው ተገድዶ የተሰጠ ቃል ነው፤ አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በማያሻማ ቋንቋ ደንግጓል። ጥያቄው «ማስገደድ» የሚለው ቃል ስፋቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ቁጥር 31 ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት፣ ተስፋ በመስጠት ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ ዘዴ እንዳይጠቀም ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ይህን ድርጊት ወንጀል ያደርገዋል። ነገር ግን ሁለቱም ድንጋጌዎች በተስፋ የተገኘ ቃል ውድቅ ይሆናል አይሉም። ሠራተኛው «እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ተብሎ ከፈረመ፣ አልተደበደበም፤ ግን በነፃ ፈቃዱ ተናግሯል ሊባል ይችላልን?

የዚህ ጽሑፍ አቋም አይባልም የሚል ነው። ያለመናገር መብት ማለት የመናገርና ያለመናገር ምርጫ የባለመብቱ መሆን ነው። ምርጫውን በሕግ በተከለከለ መንገድ ማዛባት፣ መንገዱ ዱላም ይሁን የሐሰት ተስፋ፣ መብቱን ያሳጣል። አንድን ድርጊት በወንጀል እየቀጡ የድርጊቱን ፍሬ በማስረጃነት መቀበል ሕጉን ከራሱ ጋር ያጋጫል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የተወሰደ ቃልም በተመሳሳይ ሚዛን ሊታይ ይገባል፤ መብቱን የማያውቅ ሰው መብቱን ትቷል ሊባል አይችልምና።

የማስረዳት ሸክም ሌላው ክፍተት ነው። ተከሳሹ ተገድጄ ነው ሲል በተግባር ብዙ ጊዜ «አስረዳ» ይባላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገር ግን ከእርሱና ከመርማሪዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቁስልም በቀጠሮው ብዛት ይድናል። የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 32 ቃሉ በነፃ ፈቃድ መሰጠቱን የማስረዳት ሸክም የመንግሥት መሆኑን ገልጿል። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1993፣ ማሠቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት በ1994 ተቀብላለች። ከንጹሕነት ግምት ጋርም የሚስማማው ይኸው ነው፤ ቃሉን በማስረጃነት የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ የቃሉን ሕጋዊነት ሊያስረዳ ይገባል።

በቁጥር 35 የሚመዘገበው ቃል ከዚህ የተሻለ ክብደት የሚሰጠው ዳኛ ፊት ስለተሰጠ ነው። ሕጉ ዳኛው ተናጋሪውን ጠይቆ በፈቃዱ መሆኑን ሳያረጋግጥ እንዳይመዘግብ፣ ማረጋገጡንም በመዝገቡ ላይ እንዲያሰፍር ያዛል። ነገር ግን ተጠርጣሪውን ያመጡት መርማሪዎች በር ላይ ቆመው፣ ሰውየውም ማታ ወደ እነርሱ እንደሚመለስ እያወቀ «በፈቃድህ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎን» የሚለው መልስ ብዙም አያስረዳም። የዳኛው መኖር ዋስትና የሚሆነው ጥያቄው እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

8. ለተግባር የሚሆኑ ነጥቦች

ከላይ ከቀረበው ትንተና አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ ሊሠራባቸው የሚችሉ የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

ሀ) በቁጥር 35 ቃል የሚመዘግብ ዳኛ መርማሪዎች ከክፍሉ እንዲወጡ ቢያደርግ፤ ተጠርጣሪው መቼ እንደተያዘ፣ የት እንዳደረ፣ ጠበቃ ወይም ቤተሰብ እንዳገኘ፣ የተገባለት ተስፋ ወይም የደረሰበት ዛቻ እንዳለ ቢጠይቅ፤ ለመናገር እንደማይገደድም ራሱ ቢነግረው፤ ጥያቄዎቹንና መልሶቹን በሙሉ ቢያሰፍር።

ለ) የፖሊስ ቃል መቀበያ ወረቀት ሰውየው የተያዘበትን ሰዓት፣ ማስጠንቀቂያው የተሰጠበትን ሰዓትና ቋንቋ፣ ጥያቄው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ጊዜ፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ለየብቻ ቢያሳይ። አስቀድሞ የታተመ «መብቴ ተነግሮኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስለ ማስጠንቀቂያው ብዙም አያስረዳም። ሕጉ በ1954 ዓ.ም. ሲወጣ ያላሰበው የድምፅና የምስል ቅጂም ዛሬ አከራካሪውን ነገር በቀላሉ ሊዘጋ ይችላል፤ መርማሪውንም ከሐሰት ክስ ይጠብቃል።

ሐ) ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገብ ሲመረምር የእምነት ቃሉን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ የቀረው ማስረጃ ብቻውን ምን እንደሚያሳይ ቢጠይቅ። ከቃሉ በቀር ምንም ከሌለ፣ በምሳሌአችን ዕቃው ካልተገኘ፣ ተባባሪ የተባለውም ካልተለየ፣ መዝገቡ ገና አልተጠናቀቀም።

መ) ተከላካይ ጠበቃ የቃሉን ተቀባይነት በመጨረሻው ንግግር ሳይሆን ቃሉ ሊቀርብ ሲል ወዲያውኑ ቢቃወም፤ ለዚህም የ48 ሰዓቱን አቆጣጠር፣ የቀጠሮ መዝገቦችንና የሕክምና ማስረጃን አስቀድሞ ቢሰበስብ።

9. ማጠቃለያ

በመግቢያው ለተነሡት ጥያቄዎች የተገኙት መልሶች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። የተጠራ ሰው ይቀርባል፤ ማንነቱንና አድራሻውን ይናገራል፤ ስለ ተጠረጠረበት ድርጊት ግን የመመለስ ግዴታ የለበትም። ጠበቃውን ወዲያውኑ የማነጋገር መብት አለው። ከጉዞ ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፈርሞ የሰጠው ቃል በራሱ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በተገቢው መንገድ መገኘቱ ሊመረመር ይገባል።

እነዚህ መልሶች በወረቀት ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የጎደለው የመብቱ መታወጅ ሳይሆን መብቱ ሲጣስ የሚከተለው ውጤት ነው። ውጤት የሌለው ክልከላ መርማሪውን የማይመልስ አጥር ነው። ለወደፊት ጥናት የሚሆነው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ ፍርድ ቤቶች የእምነት ቃልን ውድቅ ያደረጉባቸው መዝገቦች ምክንያታቸው ምን ነበር? ተቀብለው የቀጡባቸውስ ከቃሉ ሌላ ምን ማስረጃ ነበራቸው? የሕግ ትምህርት ቤቶች የመዝገብ ጥናት ተማሪዎችን በዚህ መስክ ቢያሰማራ፣ ስለ ያለመናገር መብት የሚደረገው ክርክር ከአንቀጽ ትርጓሜ አልፎ በሰዎች ላይ በእርግጥ የደረሰውን ለማየት ይበቃል።